ቲን እርሳስን ያሳምረዋል፤ መርዙን ግን አይነቅልለትም

በእጃችሁ የያዛችሁትን እርሳስ እስቲ ተመልከቱት። ፊደል የቆጠራችሁበት፣ ስማችሁንም ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፋችሁበት እሱ ነው። ስሙ እርሳስ ነው። ውስጡ ግን እርሳስ የለም። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት የሚባል፣ የከሰል ዘመድ የሆነ ማዕድን ነው። ከሸክላ አፈር ጋር ተለውሶ፣ በእሳት ተተኩሶ፣ በእንጨት ውስጥ ይከተታል። ድሮ በአውሮፓ ግራፋይት ሲገኝ ሰዎች የእርሳስ ዓይነት መሰላቸው። ስሙም በዚያው ቀረ።

እውነተኛው እርሳስ ሌላ ነው። እሱ ከብረታ ብረት ወገን ነው። በጣም ከባድ ነው። አንድ ጣሳ ውሃ 1 ኪሎ ቢመዝን፣ በዚያው ጣሳ ልክ ያለ እርሳስ ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ግን ለስላሳ ነው፤ በጥፍር ይጫራል፣ በቢላዋ ይቆረጣል። በመኪና ባትሪ ውስጥ አለ። በዓሣ አጥማጆች መረብ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ መረቡን ወደ ውሃው ታች ይጎትታል። የተቀደደ ማንቆርቆሪያ ሲበየድ አለ። በጠመንጃ አረር ውስጥም አለ።

ዛሬ ስለዚህ ስለ እውነተኛው እርሳስ እንነጋገር። ሁለት ጥያቄ አለን። አንደኛ፣ እርሳስ አቅልጠው የሚሠሩ ሰዎች ለምን ሌላ ብረት ይጨምሩበታል? ሁለተኛ፣ ሌላ ብረት ሲጨመርበት እርሳስ ደኅና ነገር ይሆናል ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የልጆቻችንን ሕይወት የሚነካ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አረር በቤት ውስጥ

ነገሩን ከሩቅ አገር እንጀምር። በአሜሪካ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1776 ዓመተ ምሕረት፣ ሕዝቡ ከእንግሊዝ ንጉሥ ከ3ኛው ጆርጅ ጋር ጦርነት ላይ ነበር። በኒውዮርክ ከተማ የንጉሡ ሐውልት ቆሞ ነበር። ንጉሡ በፈረስ ላይ ተቀምጧል። ከላይ በወርቅ ተለብጧል። ውስጡ ግን እርሳስ ነበር። በዚያ ዓመት ጁላይ 9 ቀን ሕዝቡና ወታደሩ ሐውልቱን በገመድ ጎትተው ጣሉት።

ታዲያ ያን ሁሉ እርሳስ ምን አደረጉት? አብዛኛውን ሊችፊልድ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰዱት። እዚያም ኦሊቨር ዎልኮት የሚባል ሰው ቤት ቀለጠ። የቤቱና የአካባቢው ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ተሰልፈው አረር አፈሰሱ። ሥራው ሲያልቅ ቆጠሩት። 42,088 ሆነ። የንጉሡ ሐውልት ተመልሶ በንጉሡ ጦር ላይ ተተኮሰ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ልብ በሉ። ልጆች ነበሩበት። በዚያ ዘመን ልጅን ከእርሳስ ድስት አጠገብ ማስቀመጥ ነውር አልነበረም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በአሜሪካ ዛሬም ለዒላማ ተኩስና ለአደን የሚሆናቸውን አረር በየቤታቸው የሚያፈሱ ብዙ ሰዎች አሉ። በአገራቸው ሕግ የተፈቀደ ነው። በእኛ አገር ግን የጦር መሣሪያና የጥይት ነገር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የሚገዛ ነው። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው አረር እንድታፈሱ አይደለም። ሥራቸው የእርሳስን ጠባይ ጥሩ አድርጎ ስለሚያሳየን ነው።

ቆርቆሮና ቲን

አረር አፍሳሾቹ ወደ እርሳሱ የሚጨምሩት ብረት ቲን ይባላል። በመጻሕፍት ቆርቆሮ ተብሎም ይጻፋል። ግን ተጠንቀቁ! የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ ቲን አይደለም። እሱ ዚንክ በሚባል ብረት ስስ ተደርጎ የተለበጠ ተራ ብረት ነው። የቲማቲም ድልህ የሚታሸግበት ጣሳም ቢሆን ሁለመናው ቲን አይደለም። አካሉ ብረት ነው፤ ቲኑ እንዳይዝግ ከላይ የተቀባ ስስ ልባስ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳይምታታብን ቲን እንበለው።

ቲን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ ብረት ነው። ቶሎ ይቀልጣል። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሙቀት ነው። ቲን በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ደግሞ የሚያስገርም ነገር ይሆናል። ከመቶ 63 እጅ ቲን፣ 37 እጅ እርሳስ ብትቀላቅሉ ቅይጡ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ከሁለቱም ባነሰ ሙቀት ማለት ነው። ለብየዳ የተመረጠው ስለዚህ ነው። ከመዳብ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ቲን ነሐስን ይሰጣል።

ቲን ለእርሳስ ምን ይሠራለታል?

አረር የሚወጣው በፎርማ ነው። ፎርማው ከሁለት ወገን የሚገጠም ብረት ነው። ውስጡ በአረሩ መልክ ተቦርቡሯል። የቀለጠው እርሳስ በጭልፋ ይገባበታል። ሲቀዘቅዝ ፎርማው ይከፈታል፣ አረሩ ይወድቃል። ቀላል ይመስላል። ግን ንጹሕ እርሳስ ብቻውን ሲፈስ ብዙ ጊዜ ወደ ፎርማው ጥግ አይደርስም። አረሩ ማዕዘኑ የተድቦለቦለ፣ ፊቱ የተጨማደደ ሆኖ ይወጣል። ምነው? ፈሳሽ አይደለም እንዴ?

መልሱን ከማሳችሁ ታገኙታላችሁ። ጠዋት ወደ ጎመኑ ስትገቡ የጤዛውን ጠብታ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ጠብታው በቅጠሉ ላይ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ይቀመጣል። አይንጣለልም። ውሃ ፊቱን እንደ ቆዳ ወጥሮ የሚይዝ ኃይል ስላለው ነው። አሁን ሳሙና የተሟሟበት ውሃ በዚያው ቅጠል ላይ ጠብ አድርጉ። ያ ቆዳ ይላላል። ውሃው ይንጣለላል፣ ቅጠሉንም ያረጥባል።

የቀለጠ እርሳስም እንደዚያ የጤዛ ጠብታ ነው። ራሱን ሰብስቦ ይይዛል። በዚያ ላይ አየር ሲነካው እንደ ወተት ስልባቦት ግራጫ ስስ ሽፋን ያወጣል። ሽፋኑም መፍሰሱን ያውከዋል። ቲን ሲጨመርበት የፊቱ ቆዳ ይላላል፣ ስልባቦቱም ይቀንሳል። እርሳሱ ወደ ጥጉ፣ ወደ ስርጉዱ ሁሉ ይገባል። አረሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። እንግዲህ ቲን ለእርሳስ፣ ሳሙና ለውሃ እንደሆነው ነው።

ልኩ ስንት ነው?

ብዙ ቲን ብዙ ጥቅም ያመጣል? አያመጣም። በጥቁር ባሩድ ዘመን የነበሩ አፍሳሾች 20 እጅ እርሳስ ላይ 1 እጅ ቲን ያደርጉ ነበር። የዛሬዎቹ ጥንካሬ ለማግኘት አንቲሞኒ የሚባል ሌላ ብረት ስለሚጨምሩ፣ ቲኑን ከመቶ 2 እጅ ያህል ያደርጉታል። ከዚያ በላይ ቢጨመር የአፈሳሰሱ ነገር እምብዛም አይሻሻልም። ቲን ደግሞ ከእርሳስ ብዙ እጥፍ ይወደዳል። ያለ ልክ የሚጨምር ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያቀልጣል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 5 ኪሎ ቅይጥ 5,000 ግራም ነው። ከ5,000 ግራም ከመቶ 2 እጁ ስንት ነው? 100 ግራም ነው። ይኸ ጥቂት ቲን ነው 5 ኪሎውን ሁሉ የሚያገራው። በደቦው ቅመምም እንዲሁ አይደለም? ድስቱን የሚያጣፍጠው ጥቂቱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቅይጡ ሲቀልጥ ከላይ ግራጫ ነገር ይንሳፈፋል። የማያውቅ ሰው ቆሻሻ ብቻ መስሎት ጠርጎ ይጥለዋል። በውስጡ ግን በአየር የተቃጠለ ቲን አለ። የሚያውቁት ጥቂት ሰም ጣል ያደርጉበትና ያማስሉታል። ሰሙ ሲቃጠል ቲኑን ያበላሸውን የአየር ክፍል ይነጥቀዋል። ቲኑም ወደ ቅይጡ ይመለሳል። የቀረው ግራጫ ዱቄት ይጠረጋል። ይህን ዱቄት አትርሱት። የክፋቱ ሥር እሱ ነው።

ይኸው ቅይጥ ፊደልንም ወልዷል

አሁን ደግሞ ወደ ፊደላችን እንምጣ። ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፍና ጋዜጣ የሚታተመው ከብረት በተፈሰሰ ፊደል ነበር። ብረቱስ ምን ነበር? እርሳስ፣ ቲንና አንቲሞኒ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ጉተንበርግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1455 ገደማ መጽሐፍ ቅዱስን ያተመው በተፈሰሰ ፊደል ነው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በሮም ከተማ በ1513 ታተመ። በአገራችን በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም ሥራውን የጀመረው በብረት ፊደል ዘመን ነው።

ታዲያ ለፊደል ቲን ለምን አስፈለገ? «ለ»ን እና «ሉ»ን ጻፏቸው። የሚለያቸው ምንድን ነው? አንዲት ትንሽ ጭራ ናት። እርሳሱ ወደዚያች ጭራ ጥግ ካልገባ «ሉ» ተብሎ የፈሰሰው «ለ» ሆኖ ይወጣል። ቃሉ ይበላሻል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ቤት፣ በየቤቱ 7 ነው። 33 ጊዜ 7 ስንት ነው? 231 ነው። ብዙዎቹን የሚለያያቸው ጭራ፣ ቀለበት ወይም እግር ነው። እርሳሱን ወደ እነዚያ ትናንሽ ጭራዎች ያስገባው ጥቂቱ ቲን ነው። ጥንካሬውን የሰጠው አንቲሞኒው ነው።

በኋላ ሊኖታይፕ የሚባል መኪና መጣ። መስመሩን በሙሉ በአንዴ ያፈስ ነበር። የሱ ቅይጥ ከመቶ 84 እጅ እርሳስ፣ 12 እጅ አንቲሞኒ፣ 4 እጅ ቲን ነበር። ኅትመት በአዲስ መሣሪያ ሲተካ ይህ ብረት ሥራ ፈታ። በአሜሪካ አረር አፍሳሾች እየገዙ አቀለጡት። ፊደል የነበረው አረር ሆነ።

መርዙስ?

እስካሁን የተናገርነው የእርሳስን መልካም ጎን ነው። አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ እንመልስ። ቲን ሲጨመርበት እርሳስ ደኅና ይሆናል? አይሆንም። ቲን አፈሳሰሱን ያሳምርለታል፤ መልኩን ያበራለታል። መርዙን ግን አይነቅልለትም። 98 እጁ እርሳስ ቢሆን 98 እጁ መርዝ ነው። እንዲያውም ሲያብረቀርቅ ንጹሕ ስለሚመስል ይበልጥ ያታልላል።

እርሳስ ሰውነትን እንዴት ይጎዳል? አጥንታችን የሚሠራው ከካልሲየም ነው። ካልሲየም በወተት ውስጥ አለ። ሰውነት እርሳስን ካልሲየም ይመስለዋል። ተቀብሎ በአጥንት ያስቀምጠዋል። እዚያም ለብዙ ዓመት ይቆያል። ነፍሰ ጡር እናት ከዓመታት በፊት የገባባት እርሳስ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊሄድ ይችላል። የትንሽ ልጅ ሆድ ደግሞ ከዋጠው እርሳስ የሚቀበለው ከትልቅ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። አእምሮው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው። ትምህርት አልገባ ይለዋል፣ ይነጫነጫል፣ ደሙ ያንሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይደርቅበታል። ሲብስ ያንዘፈዝፈዋል፣ ይገድለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ጉዳት የሌለው ነው የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱም ያስፈራል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይብሳል። ነገር ግን የባሰው ጠላት ያ አትርሱት ያልነው ግራጫ ዱቄት ነው። በእጅ ላይ ይቀመጣል። በልብስ ይሄዳል። በወለል ላይ ይነሰነሳል። ሕፃኑ በወለሉ ላይ ይድሃል፣ ጣቱን ወደ አፉ ያደርጋል። አባት ከሥራ ሲገባ ልጁን ያቅፋል። መርዙ የገባው በዚያ በፍቅር እቅፍ ነው።

የሴኔጋሉ መንደር

ይህ ወሬ አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። በምዕራብ አፍሪካ፣ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳር፣ ቲያሮይ ሱር ሜር የሚባል ሰፈር አለ። ሰዎች አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን ያወጡ ነበር። ዓመት ሲደራረብ አፈሩ በእርሳስ ተሞላ። ከዚያ የእርሳስ ዋጋ ወደደ። አፈሩ ራሱ ገንዘብ ሆነ። ሴቶች አፈሩን እየቆፈሩ፣ በወንፊት እየነፉ፣ በጆንያ ወደ ቤታቸው ያስገቡት ጀመር። ለቤተሰባቸው እንጀራ ፍለጋ ነው እንጂ ሌላ ክፋት አላሰቡም።

በ2000 ዓ.ም. ከኅዳር ወር ገደማ እስከ መጋቢት ድረስ በዚያ ሰፈር 18 ልጆች ሞቱ። መጀመሪያ ምን እንደገደላቸው አልታወቀም ነበር። ኋላ ሲመረመር የእርሳስ መርዝ ሆኖ ተገኘ። የሟቾቹ ወንድሞች፣ እህቶችና እናቶች ደም ሲታይም በእርሳስ ተመርዞ ነበር። እነዚያ ልጆች ጦርነት አልሄዱም። ማንም አልተኮሰባቸውም። እርሳሱ የገደላቸው አረር ሳይሆን፣ በዱቄትነቱ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

«እኛ አረር አናፈስ፣ ባትሪ አንሰብር፣ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ።

አንደኛ። እርሳስ በምንም ምክንያት በወጥ ቤት ወይም በመኖሪያ ቤት አይቅለጥ። ለመረብ ክብደትም ይሁን ለብየዳ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር በሌሉበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ደጅ ይሁን። እርሳስ የቀለጠበት ድስት ወደ ምግብ አይመለስም፤ በአሸዋ ቢፈተግም አይመለስም።

ሁለተኛ። ማንቆርቆሪያ፣ ጀበና ማፍያ ብረት፣ የወተት ዕቃ፣ የጠላ ወይም የጠጅ ዕቃ በእርሳስ አይበየድ። ጠላ፣ ጠጅ፣ እርጎና ሎሚ ኮምጣጣ ስለሆኑ እርሳሱን እያሟሙ ወደ መጠጡ ያወርዱታል። አሜሪካኖች በመጠጥ ውሃ ቧንቧ ላይ የእርሳስ ብየዳን በ1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከለከሉ። ዛሬ ከቲንና ከጥቂት መዳብ የተሠራ፣ እርሳስ የሌለበት የብየዳ ብረት አለ። የሚበይደውን ሰው ጠይቁት። ከሌለው ዕቃውን ለእህል መስፈሪያ ሳይሆን ለሚስማር ማስቀመጫ አድርጉት።

ሦስተኛ። የሞተ ባትሪ አትስበሩ። አሲዱ ያቃጥላል፣ እርሳሱ ይመርዛል። ወደ ሻጩ ወይም ወደሚረከብ ድርጅት መልሱት። ልጆችም እንዳይጫወቱበት ከቤት አርቁት።

አራተኛ። ሥራው የግድ የሆነበት ሰው ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። በሥራ ልብሱ ቤት አይግባ። ወለሉን በደረቁ አይጥረግ፤ ዱቄቱ ይነሣል። በእርጥብ ጨርቅ ይወልውለው። በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ደግሞ የውሃ ጠብታ አይግባ። ውሃው በአንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ የጋለውን እርሳስ በፊት ላይ ይረጨዋል።

አምስተኛ። ኩል። አንዳንዱ ኩል የሚሠራው እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነው። የሕፃን ዓይን አትኳሉ። ሕፃኑ ዓይኑን አሽቶ እጁን ይጠባል።

ስድስተኛ። ልጁ ያለ ምክንያት ደሙ ካነሰ፣ ሆዱን ደጋግሞ ከቆረጠው፣ ካንዘፈዘፈው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በቤታችሁ የእርሳስ ወይም የባትሪ ሥራ ካለ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት። በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ወተት፣ ጎመን፣ ምስርና ጤፍ የሚበላ ልጅ ሰውነቱ እርሳስን በቀላሉ አይቀበልም። ግን ይህ መከላከያ ነው እንጂ ማርከሻ አይደለም። ዋናው ልጁን ከእርሳሱ ማራቅ ነው።

የሊችፊልድ ልጆች አረር ሲያፈሱ ወላጆቻቸው አላወቁም ነበር። የቲያሮይ እናቶችም አላወቁም ነበር። እኛ ግን አንብበናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው። ያላነበበ ጎረቤት ካላችሁ ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

ለመወያያ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የመጻፊያ እርሳስና እውነተኛው እርሳስ በምን ይለያያሉ?
2. ቲን ለቀለጠ እርሳስ ምን ያደርግለታል? በጤዛው ምሳሌ አስረዱ።
3. 20 ኪሎ ቅይጥ ላይ ከመቶ 2 እጅ ቲን ቢገባ ስንት ግራም ይሆናል?
4. የሚያብረቀርቅ የእርሳስ ብየዳ ለምን አያስተማምንም?
5. በመንደራችሁ እርሳስ የሚገኝባቸውን ዕቃዎች ቁጠሩ። የትኞቹ ለልጆች ቅርብ ናቸው? ምን ታደርጓቸዋላችሁ?